ከ90ኛው ቀን በኋላ



ስለ ሥራ ቦታ እንድናገር ነው የተጠየቅኩት። የሕፃናት ሐኪም ነኝና ከሕፃኑ ልጀምር።

ለእናቶች የምንለውን ታውቁታላችሁ፦ «እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን አትስጪው።» የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ይከለክላል። ጥሩ ነው። ግን 90 ቀን እኮ 3 ወር ነው! የቀረውን 3 ወር ማን ይሸፍነው? የመሥሪያ ቤት ባህል የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ በተመለስኩበት ሳምንት፣ ያኔ የምሠራበት ሆስፒታል ሁለት ሌሊት ተረኛ አደረገኝ። ዲዩቲ ለመቀየር ደጅ መጥናት ነበረብኝ፤ የተካኝ ሰውም ውለታ እንደዋለልኝ ይቆጠር ነበር። ሁለተኛውን የወለድኩት አሁን ባለሁበት የግል ሆስፒታል ነው። ልዩነቱ የገንዘብ አይደለም። የተረኛ ሰሌዳው ቀደም ብሎ ይወጣል። የተቀያየረ ሰው መዝገብ ላይ ይፈርማል። የምታጠባ ሐኪም ለ3 ወር ሌሊት አትገባም፤ በኋላ በቅዳሜና በበዓል ቀን ተራ ታካክሳለች። ጡት የሚታለብባት አንዲት ክፍል ከነማቀዝቀዣዋ አለች። ይኸው ነው። አባቶችም ልጅ ሲታመምባቸው በዚያው መዝገብ ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ «ለሴቶች አደላችሁ» የሚል የለም። እኔም ሥራ የመልቀቅ ሐሳብ ሳይመጣብኝ ልጄን 6 ወር አደረስኩ።

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር አይምሰለን። ይህ ቤት በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በቡድን እንዲሠሩ ነበር ያሠለጠነው። እኛስ ለቡድን ሥልጠና ትክል ድንጋይ ወጥተን አንዱ ሲያመው ሌላው ተራውን ይሸፍን አልነበር? መተጋገዙን እናውቅበታለን። የጎደለን በደንብ መጻፉ ነው። ያልተጻፈ ደግነት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ዛሬ ብዙዎቻችን የክፍል ኃላፊዎች ነን። ሰኞ ስትገቡ የተረኛ ሰሌዳችሁን እዩት። የምታጠባ ሐኪም ወይም ነርስ ስሟ ሌሊት ላይ ካለ፣ መጥታ እስክትለምናችሁ አትጠብቁ።