ሰው ላጣ ሕፃን ሰው እንሁን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት፣ መፃጉዕ በተባለው ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስበው ታሪክ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 5 የተጻፈው ነው። በኢየሩሳሌም በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ፣ 38 ዓመት በደዌ የቈየ ሰው ተኝቶ ነበር። መጠመቂያዪቱ ከዓይኑ ፊት ነበረች እንጂ ሩቅ አልነበረችም። ጌታችን ቀርቦ በጠየቀው ጊዜ በሽተኛው የመለሰው ስለ ሕመሙ ጽናት አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወስዶ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነገረው እንጂ። እንግዲህ ያን ሰው ከደዌው ይልቅ ያስመረረው ሰው ማጣቱ ነበር።

ዛሬም በከተማውና በገጠሩ፣ ከብዙ በሮች ጀርባ እንዲህ ያለ ሕፃን አለ። አንዱ አያይም፤ አንዱ አይሰማም፤ አንዱ መራመድ አይችልም፤ አንዱም አእምሮው ከእኩዮቹ ዘግይቶ የሚያድግ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ልጆቹ ስንት እንደ ሆኑ ሲጠየቅም በቍጥር አይገባም። እኅትና ወንድሙ ቦርሳ አንግተው ሲሄዱ እርሱ በር ላይ ቆሞ ያያቸዋል። የሚማርበት ስፍራ አንዳንድ ጊዜ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ፈልጎ የሚያደርሰው ሰው የለውም።

ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ስለ ጠሉ አይደለም። ብዙዎቹ የሚፈሩት የጎረቤትን አፍ ነው። «ምን ሠርተው ይሆን?» መባልን ይፈራሉ። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ደቀ መዛሙርትም ጠይቀውት ነበር። ከእናቱ ማኅፀን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ፣ ኀጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ነበር። ጌታችንም እርሱም ሆነ ወላጆቹ በደለኞች አለመሆናቸውን፣ የእግዚአብሔርም ሥራ በእርሱ ሊገለጥ እንዳለው ነገራቸው። ይህ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ተጽፏል። ጌታ በዘጋው ክርክር እኛ ደግመን ወላጆችን ልንከስ አይገባንም።

ሐኪሞችም ምክንያቱን በብዙ መንገድ መርምረው አግኝተዋል። ማጅራት ገትር የሕፃናትን መስማት ይወስዳል፤ የቫይታሚን ኤ ማነስ ዓይንን ያጠፋል፤ በወሊድ ጊዜ ትንፋሽ የታጠረው ሕፃን አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ዳውን ሲንድረም የሚባለውም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 እንደ ታወቀው፣ በሰውነት ሕዋስ ውስጥ 46 መሆን የሚገባቸው ክሮሞሶሞች 47 ሆነው ሲገኙ የሚሆን ነው። ይህን ሁሉ ርግማን ማለት ከእውቀትም ከእምነትም የራቀ ነው።

ስለ ትምህርት ስንናገር የቤተ ክርስቲያናችንን የገዛ ታሪክ እናስታውስ። የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ በተማረበት ዘመን ትምህርት የማይገባው ልጅ ነበር። መምህሩ ቢገርፈው ሸሸ እንጂ አልተማረም። በዛፍ ሥር ሳለ ግን አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ደጋግማ ስትሞክር፣ ስትወድቅና በመጨረሻ ስትወጣ አየ፤ ከዚያም ተመለሰ። በትር ያላስተማረችውን ትል አስተማረችው። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን «በርቱ» ለማለት ብቻ ልንነግራቸው አይገባም፤ አስተማሪውም ሊሰማው ይገባል። ልጁ በአንድ መንገድ ካልገባው ሌላ መንገድ ሊፈለግለት ይገባልና።

እንዲህ ያለውን ሌላ መንገድ ያገኘ ሰው ደግሞ በእስክንድርያ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፋ፤ ፊደልንም በእንጨት ላይ አስቀርጾ በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ። ታላቁ አባት አትናቴዎስም በእስክንድርያ ትምህርት ቤት ላይ መምህር አድርጎ ሾመው። ሉዊ ብሬይል የተባለው ዓይነ ስውር ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 በነጠብጣብ የሚነበበውን ጽሕፈት ሲያሳትም፣ ዲዲሞስ በጣቱ ማንበብ ከጀመረ ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። በአገራችንም የቅኔና የዜማ ቤት ዓይነ ስውሩን ተማሪ አልመለሰም፤ በጆሮው ሰምቶ፣ በቃሉ ይዞ፣ መምህር ሆኖ ወጥቷል።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ ልጁን ከጓዳ ያውጣው። ጠበል ያጠምቀዋልን? ያጥምቀው፤ እኛም እናጠምቃለን። ነገር ግን ጠበልና ሐኪም፣ ጠበልና ትምህርት ቤት አይጣሉም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እየወሰዱ መጠመቅ ይቻላል። ልጁ እስኪድን እየጠበቁ የትምህርት ዘመኑን ማሳለፍ ግን ሁለተኛ ጉዳት መጨመር ነው።

ቀጥሎም በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ የልጁ ዓይንና ጆሮ ይመርመር። ደካማ ተማሪ የተባለው አንዳንዱ ልጅ መነጽር ብቻ የሚያስፈልገው ነው፤ አንዳንዱም ሰነፍ ሳይሆን የማይሰማ ነው። እግሩ ወይም ወገቡ የተጎዳውን በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ ሲረዳ ኖሯል። በአዲስ አበባም ኪዩር የተባለው የሕፃናት ሆስፒታል አለ። የማይሰማ ሕፃን ከሆነ የምልክት ቋንቋን በሕፃንነቱ ይማር፤ ቤተሰቡም አብሮት ይማር። ቋንቋ ሳያገኝ የሚያድግ ልጅ በሰው መካከል ሆኖ ብቻውን ይኖራልና።

ከዚያም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር፣ ልዩ ክፍል ወይም የድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቅ። ይህን የመስከረም መግቢያ ሳይደርስ ያድርገው። ክፍሉንም በዓይኑ ይይ፤ መምህሩ ምልክት ወይም ብሬይል ያውቃልን? ተሽከርካሪ ወንበር ወደ ክፍሉና ወደ መጸዳጃው ይገባልን? ብሎ ይጠይቅ። ለመምህሩም ልጁ የማይችለውን ብቻ ሳይሆን የሚችለውን ይንገር። «አንቀበልም» ቢባል አንገቱን ደፍቶ አይመለስ፤ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ወደ በላዩም ያቅርብ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ አዝዟል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የመንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በዚያም በአንቀጽ 24 ትምህርት መብታቸው መሆኑ ተጽፏል። ስለዚህ ወላጁ የሚጠይቀው ምጽዋት አይደለም።

መንገዱ ቀላል ነው አንልም። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ከገጠርም ሩቅ ናቸው። ሆኖም የደረሱ አሉ። በወሎ በአማራ ሳይንት የተወለዱት የሕግ ባለሙያ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ከአገራቸው ርቀው በሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ደግሞ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ጆይ የተባለውን ማዕከል በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ ለራሳቸው ልጅ የፈለጉትን ለሌሎች ልጆችም አተረፉ።

ነገር ግን ወገኖቻችን፣ ሁሉም ልጅ ያሬድን ወይም ዲዲሞስን አይሆንም። ፊደል ሳይለይ የሚያድግ ልጅ አለ። ለእርሱ ማንኪያ መያዝ፣ እጁን መታጠብ፣ እናቱን በስሟ መጥራት ትምህርት ነው፤ ይህንንም የሚያስተምሩ አሉ። ንጉሥ ዳዊት ሁለት እግሩ ሽባ የነበረውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን በማዕዱ ሲያስቀምጠው፣ ምን ትችላለህ ብሎ አልጠየቀውም። ስለ አባቱ ኪዳን ሲል እንደ ንጉሥ ልጆች አበላው። የተጠመቀ ሕፃን ሁሉ በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ወደ ቅዱስ ቍርባን ቀርቧል። ክርስቶስ በማዕዱ ያስቀመጠውን እኛ በጓዳ ልንደብቀው እንዴት ይቻለናል?

ስለዚህ ይህ ሸክም የወላጅ ብቻ አይደለም። በቅፍርናሆም ሽባውን ወደ ጌታ ያመጡት አራት ነበሩ፤ በሩ በሰው ቢዘጋባቸው ጣራውን ነደሉ። አንድ እናት ብቻዋን አልጋ አታነሣም። የንስሐ አባት የቤቱን ጓዳ ያውቃል፤ ቤት ሊባርክ ሲገባ ያላየውን ልጅ ይጠይቅ፤ ወላጆቹንም ከነቀፋ ያሳርፍ። እድርተኛው ለአልቅሶ እንደሚሰበሰብ ለእነዚህም እናቶች ይሰብሰብ፤ አንዱ የመጓጓዣውን ይክፈል፤ አንዷ እናቲቱ ጽሕፈት ቤት ስትመላለስ ልጁን ትጠብቅ። ሰንበት ትምህርት ቤቱም ቦታ ያዘጋጅለት፤ በቅዳሴ መካከል የሚጮኽ ልጅ ቢኖር እናቱን በዓይናችን አናስወጣት።

በመጨረሻው ቀን ጌታችን የሚጠይቀን ከእነዚህ ታናናሾች ለአንዱ ስላደረግነውና ስላላደረግነው ነው። ከደጃችን አጠገብ የተኛ አንድ ሕፃን ያን ጊዜ ሰው አጥቼ ቀረሁ ብሎ እንዳይመሰክርብን ዛሬ ተነሥተን አልጋውን እንያዝ።

መፃጉዕን የፈወሰ አምላክ ለሕፃናቱ ሰው ይስጣቸው፤ ለወላጆቻቸው ትዕግሥትን፣ ለመምህራኖቻቸው ጥበብን፣ ለእኛም የሚሸከም ትከሻን ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።