የላቀ የቤት ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ዋጋው ስለ ምን ይከብዳል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ሙዚቃ የሚወድ ዘመድ ወይም ጎረቤት መሐንዲስነታችንን ሲያውቅ ከሚያቀርብልን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «አንዱ አምፕሊፋየር በ300 ዶላር ሲሸጥ ሌላው በ30,000 ዶላር የሚሸጠው ስለ ምንድን ነው?» ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «ጥሩ ስለ ሆነ ነው የተወደደው» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ነገሩ ሁሉ ማታለያ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ሳይመረመሩ የሚሰጡ መልሶች በመሆናቸው ለሙያችን የሚገቡ አይደሉም። ጠያቂው የዓመታት ቁጠባውን ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቃላችንን የሚያምነውም መለካትና ማስላት እንደምናውቅ በማሰብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዋጋውን በሦስት ከፍዬ ለማየት እሞክራለሁ፤ ይኸውም ለተፈጥሮ ሕግ የሚከፈለው፥ ለምርቱ አነስተኛነት የሚከፈለው፥ ለስምና ለክብር የሚከፈለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከተፈጥሮ ሕግ እንነሣ። የሰው ጆሮ የሚሰማው በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። ከዚህ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። የድምፁ ጉልበት ሳይቀንስ ድግግሞሹ በግማሽ ዝቅ ባለ ቁጥር የስፒከሩ ሾጣጣ የሚንቀሳቀስበት ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። በ80 ኸርዝ 1 ሚሊሜትር የሚንቀሳቀስ ሾጣጣ፥ በ20 ኸርዝ ያንኑ ያህል ለማሰማት 16 ሚሊሜትር መጓዝ ይኖርበታል። ይህን ድምፁን ሳያዛባ እንዲፈጽም ሰፊ ሾጣጣ፥ ረጅም የሽቦ ጥቅልና ከባድ ማግኔት ያስፈልገዋል። ሳጥኑም አብሮ እየተንቀጠቀጠ የራሱን ድምፅ እንዳይጨምር ወፍራምና ከውስጥ በሚገባ የተደገፈ መሆን አለበት።

ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ በ1954 ዓ.ም. በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ሞላ በመጠቀም ከትንሽ ሳጥን ጥልቅ ድምፅ ለማውጣት ችሏል። ሆኖም ተፈጥሮ ያለ ዋጋ የምትሰጠው ነገር የለምና፥ የሳጥኑ ማነስ የተገኘው የስፒከሩን ብቃት በመቀነስ ነበር። ትንሽ ሳጥን፥ ጥልቅ ድምፅና ከፍተኛ ብቃት በአንድነት አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል።

አብዛኛው የቤት ስፒከር ከሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በዚህም ላይ ድምፁ ለጆሮ ሁለት እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መጨመር አለበት። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ከባድ ትራንስፎርመር፥ ትላልቅ ካፓሲተሮችና ሙቀት የሚያስወግዱ የአሉሚኒየም ክንፎች ያስፈልጉታል። «ክላስ ኤ» በሚባለው አሠራር 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር፥ ሙዚቃ በማይጫወትበት ጊዜ እንኳ ለእያንዳንዱ ቻናል ቢያንስ 200 ዋት ይወስዳል። ብረት፥ መዳብና አሉሚኒየም በክብደት የሚገዙ ናቸው፤ የማጓጓዣውም ሒሳብ ከክብደቱ ጋር ያድጋል። ይህ የዋጋው ክፍል እውነተኛ ነው።

ሁለተኛው የምርቱ አነስተኛነት ነው። ለምሳሌ ያህል፥ አንድን መሣሪያ ለመንደፍ፥ ለመፈተንና የማምረቻ መሣሪያዎቹን ለማዘጋጀት 500,000 ዶላር ወጣ እንበል። ፋብሪካው 100,000 መሣሪያዎች ቢሸጥ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 5 ዶላር ብቻ ነው። 200 ብቻ ቢሸጥ ግን በእያንዳንዱ ላይ 2,500 ዶላር ያርፋል። በዚህ ላይ አስመጪውና ባለ ሱቁ ትርፋቸውን በመቶኛ ስለሚያሰሉ፥ በፋብሪካው የተጨመረ አንድ ዶላር ገዢው ዘንድ ሲደርስ ብዙ ዶላር ይሆናል። ወደ አገራችን ሲገባም ቀረጡ የሚታሰበው የማጓጓዣው ወጪ ተጨምሮ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ማንንም አላታለለም፤ ነገር ግን ገዢው ከሚከፍለው ገንዘብ ብዙው ክፍል ወደ ጆሮው የማይደርስ መሆኑን ልናስረዳው ይገባል።

ሦስተኛው ክፍል ጥንቃቄ የሚሻው ነው። ሃሮልድ ብላክ በ1927 ዓ.ም. በቤል ላቦራቶሪ፥ ከአምፕሊፋየር መውጫ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው በመመለስ መዛባትን የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ። በ1947 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ዊልያምሰን በዚሁ ዘዴ መዛባቱ ከ0.1 በመቶ የማይበልጥ አምፕሊፋየር ንድፍ አሳተመ። በ1982 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ኮምፓክት ዲስክም በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት አስገኘ። እንግዲህ በኤሌክትሮኒክሱ በኩል ጆሮ ሊለየው የሚችለው ጉድለት በመጠነኛ ዋጋ መወገድ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

ይህን የሚያጠናክሩ ፈተናዎችም አሉ። በ1987 ዓ.ም. «ስቴሪዮ ሪቪው» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ 12,000 ዶላር የሚያወጡ አምፕሊፋየሮችን፥ አድማጮቹ የትኛው እንደሚጫወት ሳያውቁ አሰማቸው። መልሳቸው በግምት ከሚገኘው የተሻለ አልነበረም። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭም በ1994 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ አድማጮች ስፒከሮቹን እያዩ ሲፈርዱና ሳያዩ ሲፈርዱ ፍርዳቸው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ዓይን ያየው መልክ፥ መጠንና ስም በጆሮ ፍርድ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ስለ ስፒከር ሽቦም ቀላል ስሌት እናድርግ። ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ተራ የመዳብ ሽቦ 3 ሜትር ሄዶ ሲመለስ ሬዚስታንሱ 0.04 ኦም ያህል ነው። በ8 ኦም ስፒከር ላይ ይህ የሚያመጣው የድምፅ ቅናሽ ከ0.05 ዴሲቤል ያነሰ ነው፤ ይህንንም ጆሮ አይለየውም። እንግዲህ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠየቅበት ሽቦ የሚያሻሽለው ጉድለት ከወዴት ይገኛል?

ይህን ስል በውበትና በጥሩ የእጅ ሥራ የሚደሰተውን ሰው መንቀፌ አይደለም። የወርቅ ሰዓት የሚገዛ ሰው ጊዜው ይበልጥ ይስተካከልልኛል ብሎ አይደለም። ነውሩ ጌጥን በቴክኒክ ስም መሸጥ ላይ ነው፤ ከዚያም ይልቅ መሐንዲስ ዝም ብሎ ሲያጸድቀው ነው።

ለጠያቂያችን የሚበጀው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ክፍሉን ይመልከት፤ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ34 ኸርዝ አካባቢ የራሱ ንዝረት ስላለው፥ ክፍሉ ወፍራሙን ድምፅ በአንድ ቦታ ሲያጎላው በሌላው ያጠፋዋል። የስፒከሩንና የመቀመጫውን ቦታ ማዛወር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወፍራም ምንጣፍና በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያም የቀጭኑን ድምፅ ነጸብራቅ ያለዝባሉ። ቀጥሎ ከገንዘቡ አብዛኛውን ለስፒከሩ ያውል። ከዚያም ስፒከሩን ሳይጨነቅ የሚያንቀሳቅስ አምፕሊፋየር ይምረጥ። ከዚህ የሚተርፈውን፥ ምን እንደሚገዛ አውቆ፥ እንደ ፈቃዱ ያድርገው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ይህ ጉዳይ ከሙዚቃ መሣሪያ አልፎ በጨረታ ሰነድና በግዢ ዝርዝር ላይ በምንፈርምበት ጊዜ ሁሉ የሚገጥመን ነው። በዋጋና በጥቅም መካከል ያለውን ልዩነት ለክቶ መናገር፥ ሕዝብ መሐንዲስ ብሎ የጠራን ለዚሁ ነው።