ማሳው የዕውቀት አደባባይ በሆነበት በገዳሪፍ

(ስለ ማሽላ ዘርና ስለ አቀንጭራ የተደረገ ንግግር)



የሳይንስና የቴክኒክ ዕውቀት ለሕዝብ የሚታይበት ጉባኤ ወይም ትርኢት ሲነሣ ወደ ሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው የከተማ አዳራሽ ነው። በ2022 በአዲስ አበባ የተከፈተውን የሳይንስ ሙዚየም ለማየት የሚሄደው ተማሪ ይህንኑ ይዞ ይመለሳል። ነገሩ መልካም ነው፤ ወጣት ያላየውን አይመኝምና። ነገር ግን እርሻ ኑሮው በሆነ ሕዝብ ዘንድ ዋናው የዕውቀት አደባባይ ማሳው ነው፤ ፈራጁም ዘሩን ከጆንያ አውጥቶ ለመሬት የሚያበድረው ገበሬ ነው። ይህን ለመረዳት ለሚሻ ሰው በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው ገዳሪፍ፣ ከእርስዋም ጋር የመተማና የገላባት ወሰን፣ ብዙ የሚያስተምሩ ናቸው። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገዳሪፍ ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የእህል ከተማ ናት። ከእርስዋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ገላባት ደርሶ ወደ መተማ ይሻገራል። መተማን የታሪክ አንባቢ የሚያውቃት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1889 በወደቁበት ጦርነት ነው፤ ባላገሩ ግን የሚያውቃት በሰሊጥ ጆንያ፣ በማሽላ ጭነትና በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ወርዶ ወሰን በሚሻገረው ሠራተኛ ነው። ምድሪቱ ጥቁር ሸክላማ አፈር ናት። የደጋው ሰው መረሬ ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ስትሆን፣ በበጋ እግር እስኪገባ ድረስ ትሰነጠቃለች፤ በክረምት ደግሞ መኪና አስምጣ ታስቀራለች። ዝናቡ በሰኔ ይጀምርና በመስከረም ይደክማል፤ ወደ ሰሜን በሄዱ ቍጥር እያነሰ፣ ወደ ደቡብ በወረዱ ቍጥር እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ በአንዱ ዓመት በአንዱ በኩል የጠገበ ሰው በሌላው በኩል የተራበ ጎረቤት አያጣም።

በዚህች ምድር ታላቁ የቴክኒክ ትርኢት የተከፈተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦር ቀለብ ይሆን ዘንድ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ ጋዳምባሊያ በሚባለው ሜዳ ማሽላን በትራክተር ማረስ አስጀመረ። መጀመሪያ ገበሬው ከመንግሥት ጋር ምርቱን ይካፈል ነበር። በ1950ዎቹ ግን ያ ሥርዓት ቀርቶ መሬቱ በ1,000 ፈዳን እየተቈረሰ ለባለ ገንዘብ ተሰጠ፤ ይህም በኢትዮጵያ ልኬት ከዐሥር ጋሻ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በ1968 የመኪና እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በከተማይቱም በሶቪየት ኅብረት ርዳታ 100,000 ቶን የሚይዝ የእህል ጎተራ ቆመ። ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ ከሜዳው በላይ ተነሥቶ ሲያየው በእርግጥ ያስደንቀው ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

ትርኢቱ ያላሳየው ነገር ግን ነበረ። መኪናው እንዲያልፍ ዛፍ መቈረጥ ነበረበት። ከተቈረጠውም ውስጥ ሐሻብ የሚባለው የሙጫ ግራር ይገኝበታል። የቀድሞው ገበሬ መሬቱን ጥቂት ዓመት አርሶ ሲደክምበት ለግራሩ ይለቅቀው ነበር፤ ግራሩ ሥሩ አፈሩን እያደሰ፣ ቅርፊቱም ሲቈሰል ሙጫ እየሰጠ ብዙ ዓመት ይቆይና ተራው እንደ ገና የማሽላ ይሆናል። ባለ መኪናው ግን ይህን ዕረፍት ለመሬት አልሰጠም። በዚያው ማሳ ላይ ማሽላ በማሽላ እየተደጋገመ፣ ሰፊው ዲስክም ያንኑ ስስ ንብርብር በየዓመቱ እየፋቀ፣ ምርቱ እየቀነሰ ሄደ። ብዙዎችም ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር የደከመውን ትተው አዲስ ዱር መመንጠር ነበር። በ1989 የወጣው የሱዳን የደን ሕግ፣ በዝናብ የሚያርስ ሰው ከመሬቱ ከመቶ ዐሥር እጁን ለዛፍ እንዲተው አዘዘ። ሕጉ መልካም ነው፤ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ግን ዛፉን ከሕጉ ይልቅ በወረቀት ላይ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ትርኢት ያለ ነጋሪትና ያለ ጎተራ የመጣ ነው። ይህን ያመጣው በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ በ1950 የተወለደው ገቢሳ እጀታ ነው። ያደገው ወለሉ ጭቃ በሆነ አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ውስጥ ነበር፤ ለትምህርትም በየሳምንቱ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ዐርብ ይመለስ ነበር። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ ተሻገረ፤ በ1978 በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በሚከተለው ዓመት ኢክሪሳት በሚባለው፣ ዋና መቀመጫው በሕንድ በሆነው የደረቅ አገር ሰብሎች ምርምር ተቋም ተቀጥሮ ወደ ሱዳን መጣ፤ በዋድ መደኒም ሥራውን ጀመረ።

የሥራው ጭብጥ ሲነገር ቀላል ነው። ማሽላ ወንዴና ሴቴ ክፍሉን በአንድ ራስ ላይ የሚይዝ ተክል ስለሆነ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ሁለት ልዩ ልዩ ዘር አጋብቶ ከሁለቱም የሚበረታ ልጅ ለማግኘት፣ እናቲቱ የራሷ ብናኝ እንዳይሠራ የሆነች መሆን አለባት። ገቢሳ ከቴክሳስ የመጣችውን እንዲህ ያለች እናት ከሌላ አባት ጋር አጋባ። የተገኘው ልጅ ድርቅ የሚችል፣ ቶሎ የሚደርስ ሆነ። ነገር ግን ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘሩ በምርምር ጣቢያ መዝገብ ውስጥ ይቀር ነበር። የሱዳን ሴቶች ከማሽላ ሊጥ አቡክተው፣ አስቦክተው፣ በጋለ ምጣድ ላይ ስስ አድርገው የሚጋግሩት ኪስራ የሚባለው እንጀራ አለ፤ ለኪስራ የማይሆን ማሽላ የቱንም ያህል ቢያፈራ የከብት መኖ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ የፍሬው ጥራት ከምርቱ ጋር አብሮ ተፈተነ።

ፈተናው ከጣቢያው አጥር ወጥቶ በገበሬው መሬት ላይ ተደረገ። የዚህ ዓይነት ፈተና ሥርዓት ለማንም ግልጽ ነው፤ አዲሱ ዘርና የአገሩ ዘር ጎን ለጎን በአንድ ቀን ይዘራሉ፤ አንድ ዝናብ ይወርድባቸዋል፤ አንድ እጅ ያርማቸዋል። ጎረቤት በአጠገቡ ሲያልፍ ሁለቱን ያያል፤ ማንም ሳያስረዳው ይፈርዳል። በ1983 ይህ ዘር ሐጂን ዱራ 1 ተብሎ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዐረብኛ «ዲቃላ ማሽላ» ማለት ነው። በአፍሪካ ለንግድ ከቀረቡት የማሽላ ዲቃሎች የመጀመሪያው ነው። ምርቱ ከአገሩ ዘር እስከ መቶ ሃምሳ በመቶ የሚበልጥበት ጊዜ ነበረ። እስከ 1999 ድረስም አንድ ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ማለት ዐሥር ሺህ ጋሻ የሚሆን ሐጂን ዱራ ታጭዷል።

ሆኖም የገዳሪፍ ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ተገቢ ነው። ዲቃላው ይበልጥ የተስፋፋው ውኃ በቦይ በሚመጣበት በገዚራ ነው። የዲቃላ ዘር ጠባይ ልጁ እንደ አባቱ አለመሆኑ ነው፤ ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ በሁለተኛው ዓመት ቢዘራው ማሳው የተለያየ ቁመትና የተለያየ ራስ ያወጣል። ስለዚህ በየዓመቱ ዘር መግዛት ግድ ይሆንበታል። ዝናቡ በሚያስተማምንበት ወይም ቦዩ በማይደርቅበት ስፍራ ይህ ወጪ ይመለሳል። በገዳሪፍ ሜዳ ላይ ግን ሰኔ የተሰጠው ገንዘብ በኅዳር መመለሱን የሚያውቅ የለም፤ በዚያም ያለ ገበሬ አርፋ ገደመክ የሚባለውን የቆየ ዘር መያዙ ከስንፍና ሊቈጠርበት አይገባም። የዘሩ ስም «እግርህን አንሣ» ማለት ነው፤ ቶሎ የሚደርስ ስለሆነ ለአጭር ዝናብ የሚስማማ ነው። አንድ ዘር በአንድ ስፍራ ማሸነፉን ብቻ አሳይቶ ሌላው ስፍራ ለምን እንዳልተቀበለው የማይጠይቅ ትርኢት ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ከድርቅም የባሰ ሌላ ጠላት ነበረ። የኢትዮጵያ ገበሬ አቀንጭራ ይለዋል። የሱዳን ገበሬ ደግሞ «ቡዳ» ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያስበው ያንኑ ነው፤ አረሙም በእውነት እንደዚያ ይሠራል። ማሽላው ውኃ ሳይጐድልበት እንደ ተጠማ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ባለቤቱም ምን እንደ በላው ሳያይ ይከስማል። አረሙ ወይን ጠጅ መሳይ አበባውን ከመሬት በላይ ባወጣ ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ ተፈጽሟል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ በውስጡ ስንቅ የለውም፤ ብቻውን ቢበቅል በጥቂት ቀን ይሞታል። ስለዚህ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ከዐሥር ዓመት በላይም ሊጠብቅ ይችላል። የማሽላ ሥር በአቅራቢያው ሲያልፍ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ንጥረ ነገር ያነቃዋል፤ ያን ጊዜ ይበቅልና ወደ ሥሩ ገብቶ ውኃውንና ምግቡን ይጠባል። አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአስር ሺዎች የሚቈጠር ዘር ትጥላለች። ከዚህ የማንቂያ ቅመም ውስጥ አንዱ፣ ስትሪጎል የተባለው፣ በ1966 መጀመሪያ የተለየው ከጥጥ ሥር ነው። የሚያስደንቀው አቀንጭራ ጥጥን የማይበላ መሆኑ ነው፤ ጥጡ ይጠራዋል፤ እርሱም ይነቃል፤ የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። ማሽላን ከጥጥ ጋር ያፈራረቁ የቀድሞ ገበሬዎች ምክንያቱን ሳያውቁ ይህን ጥቅም ያገኙ ነበር። ማሽላን በማሽላ ላይ የደጋገመው ባለ መኪና ግን ለአቀንጭራ በየዓመቱ ማዕድ ዘርግቶለታል።

ገቢሳ በ1984 ወደ ፐርዱ ከተመለሰ በኋላ ከባዮኬሚስቱ ከላሪ በትለር ጋር ሆኖ ይህን ነገር ከሥሩ መረመረ። ጥያቄያቸው አረሙን በምን እንግደለው የሚል አልነበረም፤ የማይጠራው ማሽላ አለን የሚል ነበር። አለ። ከአፍሪካ ማሽሎች አንዳንዶቹ የማንቂያውን ቅመም እጅግ ጥቂት ብቻ ያወጣሉ። ይህን ጠባይ ከመልካም ምርት ጋር አጣምረው ዘር አወጡ፤ በ1994 ስምንት ቶን የሚሆን ዘር ሱዳንና ኢትዮጵያ ለሚገኙባቸው ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ። በኢትዮጵያም ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዓይነቶች ከዚህ ሥራ የወጡ ናቸው። ዘሩ ብቻውን እንደማይበቃ ስለታወቀ ገበሬው ማዳበሪያ እንዲጨምርና የዝናቡን ውኃ የሚይዝ የታሰረ ትልም እንዲያወጣ አብሮ ይመከራል፤ አቀንጭራ የሚበረታው በደከመና በተጠማ አፈር ላይ ነውና። ለዚህ ሁሉ ድካም ገቢሳ በጥቅምት 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ፤ በ2023ም የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ ተሸለመ።

አሁን ወደ ወሰኑ እንመለስ ቢባል፣ ዋናው ችግር እዚያ ይገኛል። የአቀንጭራ ዘር ባልተበጠረ የማሽላ ዘር ውስጥ ይሄዳል፤ ጎርፍ ይወስደዋል፤ በከብት ሰኮና ከጭቃ ጋር ይጓዛል። የከብቱ መንጋ በበጋ ከወዲህ ወደዚያ ሲያልፍ፣ ሠራተኛው ከገዳሪፍ አረም አጠናቅቆ ወደ መተማ ሲመለስ፣ ያ አቧራ ከእርሱ ጋር ይሻገራል። ስለ አል ፋሽጋ መሬት ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የተካረረው ክርክር የሚያርሰውን ሰው ሊከለክል ችሏል፤ ይህን አቧራ ግን ሊከለክል አይችልም። በመተማ ማሳ ላይ መልካም ዘር ታይቶ በገላባት ሳይታይ ቢቀር፣ ወይም በተቃራኒው ቢሆን፣ የሁለቱም ድካም በጥቂት ዓመት ይበላል። ስለዚህ የማሳያ እርሻ ሲሰናዳ ባለ ርስቱ ብቻ ሊጠራ አይገባውም። እጁን በአፈር የሚያገባው ወቅታዊው ሠራተኛ ነው፤ አቀንጭራን ሳያብብ ነቅሎ ማቃጠል ያለበትም፣ ዘሩን በልብሱ የሚሸከመውም እርሱ ነው።

ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ይህን ሥራ ክፉኛ ጎድቶታል። ገዳሪፍ ከካርቱምና ከገዚራ የሸሸውን ሕዝብ ተቀበለች፤ በ2020 ከኢትዮጵያ የተሰደዱት በኡም ራኩባ ሳሉ፣ ሱዳናውያን ደግሞ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በታኅሣሥ 2023 ዋድ መደኒ ተያዘች፤ በዚያ የነበረው የአገሪቱ የዘር ባንክም ተዘረፈ። በባንኩ ውስጥ የነበሩት የማሽላ ዓይነቶች ገበሬው ለብዙ ትውልድ መርጦ ያቆያቸው ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ነገ ለሚመጣው ድርቅ ወይም ለሌላ አረም የሚሆን ጠባይ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳይፈተን በፊት የሚለይ የለም። በጥር 2025 ከተማይቱ ወደ መንግሥት ጦር እጅ ተመለሰች፤ በተከታዩ ወር ከሱዳን የተረፈ ዘር፣ ማሽላም ጭምር፣ በሰሜን ዋልታ አጠገብ በስቫልባርድ በበረዶ ተራራ ሥር ወደ ተቈፈረው የዓለም የዘር ማኖሪያ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወጥቶ በጥቁሩ አፈር ላይ እንደ ገና የሚዘራው፣ ጣቢያው ተጠግኖ፣ ጎን ለጎን የሚዘራበት ማሳም ተከፍቶ ገበሬው ሲጠራ ነው።