የጎደለችውን ፍለጋ፦ ለልደት በዓል የሚሆን ዝግጅት
(በታኅሣሥ ወር ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ በሂሳብና ቁጥጥር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ሙስሊም እኅቶቻችን፣ ዛሬ የምንናገረው ስለ ክርስቲያኖች ጾምና በዓል ቢሆንም መጨረሻው የሁላችንም መዝገብ ላይ ስለሚያርፍ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

ከእኛ ኮሚቴ ሁልጊዜ የምትሰሙት ቁጥር ነው። ይህን ያህል ተቆጠበ፣ ይህን ያህል ተበደረ፣ ይህን ያህል ቀረ እንላለን፤ እናንተም ታጨበጭባላችሁ፤ ሻይ ጠጥተን እንለያያለን። ዛሬ ግን ከቁጥሩ በፊት አንድ ጥፋታችንን እንናገራለን። ጾም ላይ ሆነን የደበቅነው ነገር በዓሉን እንዳያበላሽብን ፈርተናል።

ከኅዳር 15 ጀምሮ የያዝነው ጾም ጾመ ነቢያት ይባላል። ነቢያቱ የጌታን መምጣት እየናፈቁ የጾሙትን እያሰብን እስከ ልደት ዋዜማ እንጾማለን። አባቶች ሲያስተምሩን አርባውን ቀን ከሙሴ ጾም ጋር ያያይዙታል፤ ሦስቱን ቀን ደግሞ በግብፅ በአባ አብርሃም ዘመን ከሆነው ተአምር ጋር። ያን ጊዜ ፓትርያርኩና ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾመው ሲጸልዩ፣ ተራራው የሚነሣበት ጸሎት የተገኘው ከታላላቆቹ መካከል አልነበረም። ስምዖን ከሚባል ጫማ ሰፊ ነው። ታሪኩ እንደሚነግረን ስምዖን በየማለዳው ከሥራው በፊት፣ መቅዳት ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ውኃ እየተሸከመ ያደርስ ነበር። በጾማችን ውስጥ የዚህ ሰው እንስራ አለ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ቅቤና ሥጋ መተዋችንን ብቻ ነው።

ጾሙ የነቢያት ከሆነ ነቢያቱ ራሳቸው ስለ ጾም ምን እንዳሉ መጠየቅ ይገባናል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ሕዝቡ ጾምን፣ ለምን አላየኸንም ብለው እግዚአብሔርን ይወቅሳሉ። መልሱ ከባድ ነው፤ በጾማችሁ ቀን የገዛ ጉዳያችሁን ታሳድዳላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ይላቸዋል። እርሱ የመረጠው ጾም የተጨነቀውን መፍታት፣ ለተራበው እንጀራ መቁረስ፣ ከዘመድ ፊትን አለመሰወር እንደ ሆነ ይነግራቸዋል።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ እንደኛ ማኅበር ያለ ታሪክ እናገኛለን። ኢየሩሳሌም ቅጥሯ እየተሠራ ነው፤ ሥራው የጋራ ነው፤ ግን ወንዶቹና ሚስቶቻቸው በወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ። ለእህል ብለው እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘዋል፤ ልጆቻቸው ለባርነት እየሄዱ ነው። ነህምያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ግን በልቡ አሰበበት፤ ከዚያም ጉባኤ ሰበሰበ። በጉባኤው ላይ እናንተ ብቻ አላለም። እኔም፣ ወንድሞቼም፣ አገልጋዮቼም ገንዘብና እህል አበድረናል፣ ይህን እንተው አለ። እኛም ዛሬ ንግግራችንን ከራሳችን የጀመርነው ይህን ተከትለን ነው።

ስብከት፦ ሄዶ ማየት

ከልደት በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ስም ሰጥታቸዋለች። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ኖላዊ ይባላሉ። በስብከት እሑድ ከሚነበበው ወንጌል ውስጥ የፊልጶስና የናትናኤል ታሪክ አለ። ፊልጶስ ሙሴና ነቢያት የጻፉለትን አገኘነው ሲለው ናትናኤል ከናዝሬት ምን መልካም ነገር ይወጣል ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ መጥቶ እንዲያይ ብቻ ነገረው።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንዲት እኅታችን 8,000 ብር ተበደረች። እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ናት። በየወሩ 800 ብር እየከፈለች በአሥር ወር ልትጨርስ ተስማማን። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት በጊዜው ከፈለች። ሚያዝያ ላይ ልጇ ታመመ፤ ለጤፍ የያዘችው ገንዘብ ለሕክምና ሄደ። የዚያን ወር ክፍያ ሳታመጣ ቀረች። በደንባችን መሠረት ወር ባለፈ ቁጥር 100 ብር ቅጣት ጻፍንባት። በሁለተኛው ወር ስሟን በዚህ አዳራሽ፣ በእናንተ ፊት፣ ከውዝፍ ባለዕዳዎች ጋር አነበብነው። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ስሟን ዛሬ አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች።

ክረምት ላይ ከመካከላችን ሁለታችን እፎይታ ገበያ አግኝተናት ነበር። ስታየን መንገድ ቀየረች። እኛም እርስ በርሳችን፣ አየሽ፣ ባይኖርባት ትሸሻለች? ተባባልን። እንደ ናትናኤል፣ ከእሷ ምን ይወጣል ብለን ፈርደን ወደ ቤታችን ሄድን። ቤቷ እኛ ካለንበት ከሃያ ደቂቃ በላይ አያስኬድም ነበር፤ ሰባት ወር ሙሉ ግን ማንም አልሄደም።

ጾሙ ከገባ በኋላ ሁለታችን ሄድን። በሩን ስትከፍት ደነገጠች፤ ቢሆንም ቡና አፈላችልን። ጥቂት ቆይታ ከአልጋው ሥር አንድ የወተት ቆርቆሮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አሥር ብር፣ ሃምሳ ብር፣ የተጣጠፈ መቶ ብር። ቆጠርነው፤ 1,140 ብር ነበር። «ለእናንተ ያጠራቀምኩት ነው» አለችን።

ለምን ታዲያ አላመጣሽም አልናት። «ሚያዝያ ላይ 300 ብር ይዤ መጥቼ ነበር እኮ። ግማሽ ክፍያ አንቀበልም፣ ሲሞላ ነይ አላችሁኝ። ሳይሞላ ቅጣቱ ይጨምራል፤ በቅጣቱ ላይ ደግሞ ስሜ ይነበባል። በምን ዓይኔ ልምጣ?» አለችን።

እውነቷን ነው። ደንቡን ያረቀቅነው እኛ ነን፤ 300 ብሩን የመለስነውም እኛ ነን። መዝገባችን ላይ ለመክፈል ፈቃደኛ ያልሆነች ተብላ የተጻፈችው ሴት ሰባት ወር ሙሉ ስትከፍለን ነበር፤ የምትከፍለው ግን ለቆርቆሮ ነበር።

ብርሃን፦ መዝገቡን መግለጥ

በሚቀጥለው እሑድ የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ይነበባል፤ ብርሃን ወደ ዓለም እንደ መጣ እንሰማለን። ብርሃን ደስ የሚለው ቤቱ የጸዳ እንደ ሆነ ነው። ያልጸዳ ከሆነ ጉድፉን ያሳያል። የሂሳብ ሰው ይህን ያውቃል፤ ምርመራ ሊመጣ ሲል የሚፈራው የጎደለበት ነው።

እኛም ሁሉንም የብድር መዝገብ እንደገና ገለጥን። ገንዘቡ አልጎደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እያንዳንዱ ብር ያለበት ይታወቃል። የጎደለው ሌላ ነው። የወራት ውዝፍ ያለባቸው ስድስት እኅቶች አሉ። ለስድስቱም ደብዳቤ ተጽፏል፤ ስድስቱም ተቀጥተዋል፤ ከመጀመሪያዋ በቀር የአንዳቸውም ቤት አልተጎበኘም። ለደብዳቤ ወረቀት አላጣንም፤ ለመሄድ ግን ጊዜ የለንም እንል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር፤ በተለይ ደጋፊዎቻችን ስሙን። ቤቷ ስንሄድ የእኅታችን ቀሪ ዕዳ 5,600 ብር ነበር። ይህ ገንዘብ የኮሚቴው አይደለም። ከፊሉ በየሳምንቱ ከጉሊት፣ ከልብስ አጠባና ከእንጀራ ሽያጭ የተቆጠበ የእናንተ የአባላቱ ላብ ነው፤ ከፊሉ ደጋፊዎች ለመነሻ የሰጡን ነው። በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ምሕረት አይባልም። ስለዚህ ዋናውን ገንዘብ ይቅር ለማለት ሥልጣን የለንም፤ እሷም አልጠየቀችንም። ቅጣቱ ግን እስከ ጥቅምት 700 ብር የደረሰው በእኛ ደንብና በእኛ ስንፍና ነው። ይቅር ልንለው የምንችለው፣ ይቅርታም ልንጠይቅበት የሚገባን እሱ ነው።

ይህን ስንወያይ አንዲት ሙስሊም የኮሚቴ አባላችን፣ ቁርኣንም ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪደላው ድረስ ጊዜ ስጡት እንደሚል አስታወሰችን። ኮልፌ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ዕቁብ አብረን ስንኖር የኖርነው እንዲህ እየተመካከርን ነው።

ኖላዊ፦ በስም መጥራት

ኖላዊ ማለት እረኛ ማለት ነው። በዚያ እሑድ ዮሐንስ ምዕራፍ 10 ይነበባል። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራል፤ ስለ እነርሱም ነፍሱን ይሰጣል። ምንደኛው ግን ተኩላ ሲመጣ ትቶ ይሸሻል፤ በጎቹ የእሱ አይደሉምና።

በሂሳብ ቋንቋ ያልተከፈለን ብድር ተሰብሳቢ ሂሳብ እንለዋለን። ያቺን እኅት በአባልነት ቁጥሯ ተሰብሳቢ ከሚለው ዓምድ ሥር ጽፈናት ነበር። ቃሉ ልክ ነው፤ የተረዳነው ግን በተሳሳተ መንገድ ነው። መሰብሰብ የነበረባት እሷ ራሷ ናት። እሷ ከተሰበሰበች ገንዘቡም ይመጣል፤ እሷ ከጠፋች ግን ገንዘቡ ቢመጣ እንኳ ማኅበሩ ጎድሏል። ስንመሠረት ለመረዳዳት ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ለመበዳደር ብቻ ተብሎ አልተጻፈም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን፤ ተወያዩበት፣ ድምፅም ስጡበት።

አንደኛ፣ ከታኅሣሥ 21 እስከ 27 ባለው የኖላዊ ሳምንት፣ ከእኛ የራቁትን ስድስቱን እኅቶች ሁለት ሁለት እየሆንን ቤታቸው ድረስ እንሂድ። ሄደን የምንጠይቀው ስለ ጤናቸውና ስለ ልጆቻቸው ነው። የክፍያ ነገር ራሳቸው ካላነሡት አይነሣ።

ሁለተኛ፣ ደንቡ ይሻሻል። ማንኛዋም እኅት የምታመጣው ገንዘብ ትንሽም ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥለት። በሕመም፣ በሐዘን ወይም በወሊድ ምክንያት ለተስተጓጎለ ክፍያ ቅጣት አይኑር፤ ጊዜው ይራዘም። የባለዕዳ ስም በጉባኤ መነበቡም ይቅር።

ሦስተኛ፣ ለበዓል ድግስ ተብሎ ብድር አይሰጥ። ይህን ስንል እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን። ልጅ የጎረቤቱን በግ እያየ እናቱን ሲጠይቅ ምን እንደሚሰማን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ለገና ተበድሮ በጥር ማልቀስ ይብቃን። በቅርጫ መግባት የምንችል በቅርጫ እንግባ፤ አንድ መደብ የሚከብዳት ከሌላዋ ጋር ትካፈል። ዶሮም ለሁለት ቤት ይበቃል።

የምናከብረው በዓል እንግዳ ማረፊያ ቦታ አጥታ በግርግም የወለደች እናት በዓል ነው። ነቢዩ ሚክያስ የጌታን መውጫ ከይሁዳ ትንሽ ከተማ ከቤተ ልሔም ነው ያለው። ቤተ ልሔም ትርጓሜው የእንጀራ ቤት ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም ለቅዳሴው ኅብስቱ የሚጋገርባትን ትንሽ ቤት ቤተ ልሔም እንላታለን። ጢስ የሚወጣበት፣ ዱቄት የሚቦካበት ቤት ከሆነ የመረጠው፣ ያቺ እንጀራ ጋጋሪ እኅታችን የጭስ ቤቷን ልታፍርበት አይገባም ነበር። ልናፍር የሚገባን በሯን ያላንኳኳን እኛ ነን።

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ደግሞ ቀራንዮ የሚለውን ስም ይዟል። በቤተ ልሔም የተወለደው ለቀራንዮ ነው፤ ለሰው ዕዳ። ይህን ስም በየቀኑ በመታወቂያችንና በየደብዳቤአችን ላይ እየጻፍን የእኅታችንን 300 ብር አንቀበልም ማለታችንን ዛሬ በእናንተ ፊት እንናዘዛለን። ይቅርታ አድርጉልን።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ፤ ሪፖርቱ በእጃችሁ አለ። ከውዝፍ ዕዳዎቹ አንዱ ላይ ግን አንድ ለውጥ ታያላችሁ፦ በኅዳር ወር 1,140 ብር ገቢ ሆኗል፤ ደረሰኝ ተቆርጦለታል። ከፋይዋም ዛሬ ከእኛ ጋር ናት፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንዳትዞሩባት፤ ሻዩ ላይ ሰላም በሏት።

ለብርሃነ ልደቱ በሰላምና በጤና ያድርሰን። አሜን።