ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት

የቶጎጫሌ ጫኝና አውራጆች፣ ሾፌሮች፣ የጉምሩክና የመጋዘን ሠራተኞች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንድማችን ንግግሬን ወደ ሶማሊኛ እየመለሰ ስለሚያሰማልን ቀስ እያልኩ እናገራለሁ።

የመጣሁት በፊዚዮቴራፒ ክፍል በኤሌክትሪክ ስለሚሰጠው ሕክምና ልነግራችሁ ነው። ብዙ የወገብ ታማሚ ገና ወንበር ሳይዝ «ማሽኑን አድርጉልኝ» ይላል። በሆዱ ተኝቶ ሃያ ደቂቃ ሲነዝረው ቀለል ይለዋል፤ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ኩንታሉ ይመለሳል፤ ሳምንት ሳይሞላ ያው ሕመም ያመጣዋል። ሌላው ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚለውን ሲሰማ ደንግጦ ከበር ይመለሳል። ሁለቱም ሊያገኙት የሚገባቸውን ጥቅም እያጡ ነው።

ከፍርሃቱ ልጀምር። ለሕመም ማስታገሻ የምንጠቀምበት መሣሪያ ቴንስ ይባላል። በእጅ የሚያዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ነው። ከመሣሪያው በሚወጡት ሽቦዎች ጫፍ ተለጣፊ ፓዶች አሉ፤ ቆዳውን አጥበንና አድርቀን ሕመሙ ባለበት ዙሪያ እንለጥፋቸዋለን። ብዙ ጊዜ በሴኮንድ ከ80 እስከ 120 የሚደርሱ በጣም አጫጭር ንዝረቶች ይልካል። የሚሰማችሁ እንደ መደንዘዝ ያለ ጠንካራ ንዝረት እንጂ ሕመም መሆን የለበትም። ካመማችሁ ወዲያው ተናገሩ፤ ችሎ መታገሥ ሕክምናውን አያፋጥነውም።

ንዝረት እንዴት ሕመም ያስታግሳል? እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የሕመም መልእክት በቀጫጭን ነርቮች፣ የንክኪ መልእክት በወፋፍራም ነርቮች ወደ ኅብለ ሰረሰር ይደርሳል፤ እዚያም ልክ እንደዚህ ከተማ ኬላ ማን ይለፍ፣ ማን ይቁም የሚል መቆጣጠሪያ አለ። የንክኪው መልእክት በብዛት ሲመጣ የሕመሙ ይዘገያል። ጉልበታችሁ ከብረት ጋር ሲጋጭ እጃችሁ ሮጦ የሚያሻሸው ለዚሁ ነው። ዎል ከሁለት ዓመት በኋላ ዊሊያም ስዊት ከተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጋር ሆኖ ሐሳቡን በታማሚዎች ላይ በኤሌክትሪክ ሞከረው። የዛሬው መሣሪያ የመጣው በዚያ መንገድ ነው።

አሁን ሐቁን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2022 የ381 ጥናቶችን ውጤት የሰበሰበ ሥራ ታትሟል፤ ቴንስ ሕመምን የሚቀንሰው መሣሪያው እየሠራ ሳለና እንደተነሣ ወዲያው እንደሆነ ያሳያል። በ2023 መጨረሻ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ቴንስን እንደ መደበኛ ሕክምና አልደገፈውም፤ የደገፈው ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴንና የመሳሰሉትን ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ይኸው ድርጅት ይገምታል፤ ስለዚህ ነገሩ የቶጎጫሌ ጫኞች ብቻ ጣጣ አይደለም።

ታዲያ ማሽኑን እንጣለው? እኔ አልጥለውም። ወገቡ ተቆልፎ መዞር ያቃተው ሰው፣ እንቅስቃሴ ሥራ ብለው ቢነግሩት አይችልም። ቴንሱ ሕመሙን ጋብ ሲያደርግለት ግን ጊዜ ያገኛል። በዚያ ሰዓት በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል፣ መቀመጫውን ቀስ ብሎ ያነሣል፣ ተነሥቶ ይራመዳል። ማሽኑ የሚጠቅመው ይህን ሰዓት ስለሚሰጠን ነው፤ ሰዓቱን ተኝተን ካሳለፍነው ገንዘባችንንም ጊዜያችንንም አባከንን። አለቆችም እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልበል፦ አንድ ሰው ብቻውን ኩንታል ተሸክሞ የሚውል ከሆነ የትኛውም ፊዚዮቴራፒስት አያድነውም። ሁለት ሆኖ ማንሣትና በጋሪ መግፋት ከማሽኑ በፊት ይመጣል።

ኤሌክትሪኩ ይበልጥ ዋጋ ያለው ብዙዎቻችሁ ባልጠበቃችሁት ቦታ ነው፤ ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ዘንድ። እዚህ ዓላማው ሕመም ማስታገስ አይደለም፤ ጡንቻውን ማሠራት ነው። ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝ ተቋርጧል እንጂ ክንድ ውስጥ ያለው ነርቭና ጡንቻ በሕይወት አለ። አንዱን ፓድ ከክርን ዝቅ ብሎ፣ ሌላውን የክንዱ ጀርባ መሐል ላይ ለጥፌ ኃይሉን ቀስ እያልኩ ስጨምር፣ መጀመሪያ ቆዳው ስር ጅማቶቹ ይወጠራሉ፤ ከዚያ የታጠፉት ጣቶች አንድ በአንድ ይከፈታሉ፣ አንጓውም ከጠረጴዛው ይነሣል። ለወራት ያልተነሣ እጅ ሲነሣ ያየ ቤተሰብ የሚሆነውን አይቻለሁ፤ ግማሹ ያለቅሳል።

ነገር ግን እጁን ያነሣው ማሽኑ ነው፤ ገና ታማሚው አይደለም። ስለዚህ ንዝረቱ በመጣ ቁጥር «አሁን አንሣ» እለዋለሁ፣ እሱም በሙሉ ሐሳቡ ይሞክራል። አንጎል እንደገና የሚማረው ከዚህ ሙከራ ነው። ዝም ብሎ ቴሌቪዥን እያየ የሚነዘር ታማሚ ብዙ አያተርፍም። ሲራመድ የእግሩ ጣት መሬት ላይ ለሚጎተትበት ሰውም ከጉልበት በታች ያለውን ነርቭ በማነቃቃት እግሩን ማንሣት ይቻላል፤ ሊበርሰን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በመኪና አደጋ ጉልበቱ ተሰብሮ ጭኑ የሟሸሸበትም ሾፌር ከዚሁ ይጠቀማል። በሁሉም ላይ ግን ቶሎ መምጣት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አባታችንን ስትሮክ ከመታቸው ዓመት አልፎ «አሁን ማሽን እንሞክር» ብሎ መምጣት ይቻላል፤ ያመለጠው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ማን መጠቀም የለበትም? ልቡ ላይ ማሽን የተተከለለት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይነካውም። ነፍሰ ጡር እናት ሆዷና ወገቧ ላይ አይደረግላትም። የሚጥል በሽታ ወይም ካንሰር ያለበት፣ እግሩ በረጋ ደም ያበጠ አስቀድሞ ይናገር። አንገት ፊት ለፊት ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል ቢቃጠልም ላይሰማው ይችላል። ወገባችሁን በጋለ ብረት የተተኮሳችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁንም፤ ጠባሳው ስሜቱ የተቀነሰ ስለሚሆን ፓዱን ከዚያ አርቀን እንለጥፋለን። ከገበያ ገዝታችሁ የያዛችሁትን መሣሪያ ደግሞ ይዛችሁት ኑ፤ ቦታውንና ኃይሉን እናሳያችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወደ ማሽን የማይመጣ ሕመም አለ። የወገብ ሕመም ይዞት ሽንት መቆጣጠር ያቃተው፣ በብልቱ ዙሪያ የደነዘዘው ወይም እግሩ እየደከመ የሄደ ሰው ቀን ሳይቆጥር በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ። ፊቱ በድንገት የተጣመመ፣ ክንዱ የወደቀ፣ ንግግሩ የተደናገረም በዚያው ሰዓት፤ ወጌሻም ፊዚዮቴራፒም በኋላ ይደርሳል። ለሌላው ግን ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩ፤ ጅግጅጋ ወደ ካራማራ ወይም ወደ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ስትላኩ የፊዚዮቴራፒ ሪፈር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ያልሆነ፣ ክንዱን ሊያስሞክር የሚፈልግ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ይምጣ። ሌሎቻችሁ ጥያቄያችሁን መጀመር ትችላላችሁ።