ዲዩቲ ጡረታ የለውም

(በሃያኛ ዓመት የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጡረታ ትንሽ በይን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ገና በአርባዎቹ ውስጥ ነን፤ አንዳንዶቻችንማ ልጅ የምናጠባ ነን። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ባለፈው ዓመት ወደ ክሊኒኬ የመጡ አንድ ታካሚ ናቸው። ካርዱን ሳየው የሁላችንም መምህር! ስማቸውን አልጠራም። ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል። «መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አንድ ቀን እያለፍኩ ነው፤ ወሩን እንዲያደርሰኝ» አሉኝ። እኚህ ሰው እኮ መድኃኒት ያቋረጠ ታካሚ ዋርድ ውስጥ ካገኙ እኛን ነበር የሚቆጡት! ሦስት ቦታ ሲሠሩ የኖሩ ሰው እንዴት እዚህ ደረሱ ብዬ ስጨነቅ ገባቸው መሰለኝ፣ «ዲዩቲ ጡረታ የለውም እኮ ልጄ» አሉኝ።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ የራሴን ሒሳብ ሠራሁ። እናንተም አብራችሁኝ ሥሩ።

ከደመወዛችን ለጡረታ 7 ከመቶ እኛ እናዋጣለን፣ 11 ከመቶ አሠሪው ይጨምራል። ይህን ሁላችንም ፔይሮል ላይ እናየዋለን። የማናየው ከምን ላይ እንደሚቆረጥ ነው። ሕጉ ደመወዝ የሚለው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለሠራነው የሚከፈለንን ነው። የዲዩቲ ክፍያ፣ የቤት አበል፣ ቅዳሜና እሑድ የምንሮጥበት ፓርት ታይም እዚያ ውስጥ የሉም። 60 ዓመት ሞልቶን ስንወጣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይወሰዳል፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይታሰባል። ጣሪያው 70 ከመቶ ነው።

እንግዲህ በወር 60 ሺህ ብር እጇ የሚገባ፣ ከዚህ ውስጥ መደበኛ ደመወዟ 20 ሺህ የሆነ ሐኪም አለች እንበል። በ25 ዓመቷ ተቀጥራ አንድም ቀን ሳታቋርጥ 35 ዓመት ብታገለግል 61.25 ከመቶ ይደርሳታል፤ 12,250 ብር። ከ60 ሺህ ብር ኑሮ ወደ 12 ሺህ! ያውም ምንም ሳታጠፋ።

እኔ ግን አጥፍቻለሁ። ስፔሻሊቲ እንደጨረስኩ አንድ የግል ክሊኒክ ሁለት ዓይነት ውል አቀረበልኝ። አንደኛው ጡረታ የሚቆረጥበት ነው፤ ሁለተኛው የማይቆረጥበት፣ በእጅ የሚገባው ደግሞ ከፍ ያለ። ሁለተኛውን ፈረምኩ። ማንም አላታለለኝም፣ አንብቤ ነው የፈረምኩት። ስድስት ዓመት እንዲያ ሠራሁ። በልፋት 20 ዓመት ሞልቶኛል፣ በጡረታ መዝገብ ግን 14 ዓመት ነኝ። እስከ 60 ብሠራ 29 ዓመት ይሆናል፤ 53.75 ከመቶ። በዚያችው በ20 ሺህ ብር ስናሰላው በየወሩ 1,500 ብር ቀረብኝ ማለት ነው፣ እስክሞት ድረስ። ብሞትም ለባለቤቴ የሚተርፈው የእኔ አበል ግማሽ ስለሆነ እሱም አብሮ ከስሯል። እስካሁን አልነገርኩትም ነበር፤ ይኸው ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ሰማ።

ብዙዎቻችን «ጡረታሽስ?» ስንባል «ቤት እየሠራሁ ነው» ነው መልሳችን። ቤት መልካም ነው። ግን የምንኖርበት ቤት ቆርቆሮ ያፈሳል እንጂ ወር ጠብቆ ደመወዝ አይከፍልም፤ የሚያበላው የሚከራየው ክፍል ነው። እቁብም አለን፣ እኔም አለኝ። እቁብ ሲወጣ ግን ወይ መኪና ወይ ሰርግ ይሆናል፣ ታውቁታላችሁ። ባንክ የተቀመጠ ብርም ቢሆን ዝቅተኛው ወለድ 7 ከመቶ ሲሆን የዋጋ ንረቱ ባለፉት ዓመታት ከዚያ በላይ ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ስንት እንደገባ ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ ሁሉን አንድ ቦታ አታስቀምጡ። እኔ አሁን የዲዩቲ ገንዘቤን ሢሶ ቤት ሳይደርስ ወደ ሌላ ሒሳብ አስተላልፋለሁ፤ ከበዛ በኋላ የት ላድርገው ይባላል። መጀመሪያ ይኑር።

እናቶቻችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ብለው ይመርቁናል። ጡረታ የሚለው ቃልም የወጣው ከዚያው ከመጦር ነው። አሜሪካ ያላችሁ ጓደኞቻችን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በየወሩ እየላካችሁ የስንት ሰው ጡረታ ሆናችሁ ኖራችኋል። ግን የራሳችሁን 40 ክሬዲት፣ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ፣ ሞልታችኋል? ዘግይታችሁ የሄዳችሁ፣ ፈተና ስታጠኑ ዓመታት ያለፉባችሁ፣ ቁጠሩት። ልጆቻችንም ቢሆኑ የት አገር እንደሚሆኑ አናውቅም። የራሴ ልጅ ጧሪ እንድትሆነኝ ሳይሆን ቡና አብራኝ እንድትጠጣ ነው የምመኘው።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው። የግል ድርጅት ውስጥ ያላችሁ፣ ከደመወዛችሁ ተቆርጧል ማለት ገቢ ሆኗል ማለት አይደለም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄዳችሁ በስማችሁ የገባውን ጠይቁ። መሥሪያ ቤት ስትቀይሩ የአገልግሎት ማስረጃ ሳትይዙ አትውጡ፤ የዛሬ 15 ዓመት ያ ክሊኒክ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃም ፋይሉ ውስጥ ይግባ። የራሳችሁ የልደት ቀን ደግሞ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የሞላችሁት ነው። ለስኮላርሺፕ ብላችሁ በሁለት ዓመት ያነሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ዶርም አብረን ነው የኖርነው!

መምህራችን አሁን መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ። ከክፍላችን ጥቂት ሰዎች ተነጋግረን ነው፤ ሌሎች መምህሮቻችንንም ለማገዝ ያሰብነውን ኮሚቴው ከምሳ በኋላ ይነግራችኋል። እኔም በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ካልኩሌተር ይዤ እቀመጣለሁ። ደመወዛችሁንና የአገልግሎት ዘመናችሁን ይዛችሁ ኑ። ዕድሜያችሁን ብቻ እውነቱን ንገሩኝ።