ሁለት ሣጥኖችና ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች
(በትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወክለን ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከልብ የመነጨ ነው። የንግግራችን አርእስት ምንጫቸው ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ሁለት ዓይነት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ነው። አንደኛው ዓይነት ቪዲዮን ካንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚለውጥ ነው፤ ሁለተኛው አንድን ኮምፒዩተር ሌላ ኮምፒዩተር አስመስሎ የሚያሠራ ነው። አርእስቱ ለበዓል ቀን የደረቀ እንደሚመስል እናውቃለን። ነገር ግን ሥራው የተጀመረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚሁ ከግቢያችን ዕቃ ቤት ነውና ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ሊጣሉ የተለዩ ሁለት ሣጥኖች አገኘን። በአንደኛው ውስጥ የቀድሞ በዓላት የተቀረጹባቸው የቪዲዮ ካሴቶች ነበሩ። በሁለተኛው ውስጥ «የተመራቂዎች መዝገብ» የሚል የእጅ ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ዲስኬቶች ነበሩ። ካሴቱን የሚያጫውት፣ ዲስኬቱንም የሚያነብ መሣሪያ በግቢው አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከ30 ዓመት በፊት ገደማ እዚህ የተማሩ አንዲት እናት ትምህርታቸውን መጨረሳቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ፈልገው መጡ። የዚያ ዘመን የወረቀት መዝገብ በዝናብ ስለ ተበላሸ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ይህን በሰማን ጊዜ ሣጥኖቹ ቆሻሻ አለመሆናቸው ገባን።

አንድ የማናውቀው ቋንቋ የተጻፈበት ደብዳቤ ቢደርሰን ሁለት መንገድ አለን። ወይ ደብዳቤውን በምናውቀው ቋንቋ እናስተረጉማለን፤ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችን አስቀምጠን ደብዳቤውን እንዳለ እናስነብባለን። ቪዲዮ መለወጥ ማለት የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ አሮጌው ነገር ለአዲሱ መሣሪያ እንዲስማማ ይለወጣል። ማስመሰል ማለት ሁለተኛው ነው፤ አሮጌው ነገር ሳይነካ አዲሱ መሣሪያ የአሮጌውን ጠባይ ይለብሳል።

የሚያስደንቀው ነገር፣ በሁለቱም መንገድ በዓለም ላይ እጅግ ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ሁለቱ በአንድ ሰው የተጀመሩ መሆናቸው ነው። ፋብሪስ ቤላር የተባለው ፈረንሳዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን የቪዲዮ ለዋጭ ጀመረ፤ በ2003 ደግሞ ኪውኢሙ የተባለውን አስመሳይ አወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ከየአገሩ ሥራውን ተቀብለው አሳድገውታል። ይህም የሆነው ምንጩ ክፍት ስለ ነበረ ነው። ክፍት ማለት ያለ ዋጋ መገኘቱ ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው ፕሮግራሙ እንዴት እንደ ተጻፈ እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽልና በፈቃዱ ውል መሠረት ለሌላ እንዲያስተላልፍ ነፃነት አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ካሴቶቹ እንለፍ። ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ወደ ኮምፒዩተር ፋይል አስገለበጥናቸው። ፋይሎቹ ግን ትልልቅ ነበሩ፤ ብዙዎቹም በስልክ አይከፈቱም። በአገራችን በተለመደው የፓል ሥርዓት በአንድ ሰከንድ 25 ሥዕሎች ያልፋሉ። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 90,000 ሥዕል ነው። እያንዳንዱም ሥዕል በኮምፒዩተር ላይ ብዙውን ጊዜ 720 በ576 ማለት 414,720 ነጥቦች አሉት። ለዋጩ ይህን ሁሉ ፈትቶ፣ አንዱን ሥዕል ካለፈው ጋር አስተያይቶ፣ የተለወጠውን ብቻ አሳጥሮ ይጽፋል። በቤተ ሙከራችን ባሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አንዱን ካሴት መለወጥ ሌሊቱን ይፈጅ ነበር፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። እኛም ሥራውን ለስምንት ኮምፒዩተሮች በደቦ ልናካፍል አሰብን። ለዚህም ሁለት ፕሮግራሞችን አወዳደርን።

የመጀመሪያው በ2003 የተጀመረው ሃንድብሬክ ነው። በመስኮትና በቁልፍ የሚታዘዝ፣ ለጀማሪ የተዘጋጁ ምርጫዎች ያሉት፣ ብዙ ፋይሎችን በተራ አሰልፎ የሚሠራ መልካም ፕሮግራም ነው። ነገር ግን የሚሠራው በተቀመጠበት በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ሥራውን ለጎረቤት አያካፍልም።

ሁለተኛው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። ትእዛዙ በጽሑፍ ስለ ሆነ መጀመሪያ ያስፈራል። ነገር ግን ቪዲዮን ቆራርጦ መክፈልና የተለወጡትን ቁራጮች መልሶ መቀጠል ያውቃል። እርሱም ብቻውን ለሌላ ኮምፒዩተር ሥራ አያከፋፍልም፤ ስለዚህ ጂኤንዩ ፓራለል ከተባለ ሌላ ክፍት ፕሮግራም ጋር አጣመርነው። ይህ እንደ ደቦ አለቃ ነው፤ ለየኮምፒዩተሩ ቁራጩን ይልካል፣ ያለቀውን ይሰበስባል፣ ሥራውን ለፈጸመው ደግሞ ሌላ ይሰጣል።

በመጀመሪያው ሙከራችን ግን ተዋረድን። ጥፋቱም የፕሮግራሙ ሳይሆን የእኛው ነበር። ቪዲዮውን ልክ በየአምስት ደቂቃው ቆረጥነው። በፋይሉ ውስጥ ግን ሙሉ ሆነው የሚጻፉት ሥዕሎች ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ከሌሎቹ ሥዕሎች የሚለዩበት ብቻ ተጽፎ ይቀመጣል። ባልሆነ ቦታ የተቆረጠ ቁራጭ መነሻ የሚሆነው ሥዕል ያጣል። ስለዚህ በየመጋጠሚያው ሥዕሉ ተወላገደ፤ ተናጋሪውም ቃሉን የሚደግም መሰለ። በሁለተኛው ጊዜ መቁረጫውን ሙሉ ሥዕል ባለበት ላይ አደረግን። ድምፁንም ሳንቆርጥ በአንድ ኮምፒዩተር ለብቻው ለውጠን በመጨረሻ ከሥዕሉ ጋር አገናኘነው። ያን ጊዜ መጋጠሚያው የማይታወቅ ሆነ። የመብራቱም ችግር ቀለለ፤ መብራት ሲጠፋ የሚደገመው በእጅ ላይ ያለው ቁራጭ ብቻ ነውና።

ስምንት ኮምፒዩተር ግን ስምንት እጥፍ አይፈጥንም። ለምሳሌ አንድ ሥራ በአንድ ኮምፒዩተር 180 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ መቁረጡና መቀጠሉ 20 ደቂቃ ቢሆን፣ ይህ ለስምንት አይከፈልም። የቀረው 160 ደቂቃ ለስምንት ሲካፈል 20 ይሆናል፤ ድምሩ 40 ደቂቃ ነው። ይኸውም አራት እጥፍ ተኩል ብቻ ነው። በሽቦ የመላኪያው ጊዜ ሲጨመር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ አጭር ቪዲዮ ላለው ሰው ሃንድብሬክ ይበቃዋል እንላለን፤ ብዙ ካሴትና ብዙ ደካማ ኮምፒዩተር ላለው ግን ኤፍኤፍኤምፔግ ለትምህርቱ የሚወስደውን ድካም ይክሳል።

አንድ ነገር ደግሞ እናስጠንቅቅ። ለስልክ የተለወጠው ቪዲዮ ሲያጥር ከመልኩ ጥቂት ያጣል፤ ያጣውም አይመለስም። ስለዚህ ከፎቶ ቤቱ የመጣውን ፋይል አላጠፋነውም። ካሴት ገና የሚያስገለብጥ ሰው ቢኖር ደግሞ ኤፍኤፍቪ1 የተባለውን አጻጻፍ እንመክረዋለን፤ ከኤፍኤፍኤምፔግ ጋር የሚገኝ፣ ሥዕሉን ምንም ሳያጎድል የሚያሳጥር ነው። አጻጻፉ በ2021 በይፋ ተዘርዝሮ ስለ ታተመ ወደ ፊት የሚመጣ ሰው ሊፈታው ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሣጥን እንምጣ። የዲስኬት ማንበቢያ በውሰት አግኝተን ከሁሉ አስቀድመን የየዲስኬቱን ሙሉ ቅጂ አወጣን፤ ከዚያ በኋላ በዲስኬቶቹ ላይ እጃችንን አላሳረፍንም። መዝገቡ የተጻፈው በዶስ ዘመን በነበረ የአማርኛ ፕሮግራም ነበር። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ይመዘግቡ ነበር። ስለዚህ ፋይሉን በዛሬ ኮምፒዩተር ስንከፍተው የሚታየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲነሣና ጽሑፉን እንዲያነብልን አስፈለገ።

ለዚህም ሦስት አስመሳዮችን አወዳደርን። ቦክስ የተባለው በ1994 ተጀምሮ በ2000 ምንጩ ክፍት የሆነ ነው። የአሮጌውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ አንድ በአንድ እያነበበ ይፈጽማል፤ ጥንቁቅ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው። የፕሮሰሰርን አሠራር ለሚማር ሰው ግን መልካም አስተማሪ ነው። ኪውኢሙ የትእዛዞችን ቁራጭ አንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ፕሮሰሰር ቋንቋ ተርጉሞ ትርጉሙን ያስቀምጣል፤ ያ ቁራጭ ሲደገም እንደ ገና አይተረጉምም። ስለዚህ ይፈጥናል፤ ብዙ ዓይነት ፕሮሰሰሮችንም ያስመስላል። ነገር ግን ኪውኢሙም ቦክስም ባዶ ኮምፒዩተር ነው የሚሰጡት፤ ዶስን ራሳችን ልንጭንበት ይገባል። ዶስቦክስ በ2002 የወጣው የዶስ ጨዋታዎችን ለማጫወት ነው። ዓላማው ጠባብ ቢሆንም የራሱን ዶስ ይዞ ስለሚመጣ ለጉዳያችን የቀረበው እርሱ ሆነ።

በዶስቦክስ ፕሮግራሙን ባስነሣን ጊዜ የአማርኛው ፊደል በጥቁሩ መስኮት ላይ ታየ። በክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችን ዝም አልን። መዝገቡን ስናገላብጥ የእኚያ እናት ስም ከነውጤታቸው በሦስተኛው ዲስኬት ተገኘ። ጽሕፈት ቤቱም ቃል ልኮባቸው መጥተው ስማቸውን በዐይናቸው አዩ።

ማስመሰል ግን የነገሩ ፍጻሜ አይደለም። መዝገቡ በመስኮቱ ውስጥ ይታያል እንጂ ከዚያ ወጥቶ ከዛሬው መዝገብ ጋር አይደባለቅም። ስለዚህ የአሮጌውን ፕሮግራም ቁጥሮች ከዩኒኮድ ፊደላት ጋር የሚያስተያይ ሰንጠረዥ አዘጋጅተን ስሞቹን ለወጥናቸው፤ የተለወጠውንም ከመስኮቱ ጋር በዐይናችን አመሳከርን። በዚህም ሁለቱ መንገዶች ተቀናቃኞች ሳይሆኑ ወንድማማች መሆናቸውን ተረዳን። የለወጡት ነገር ለዕለት ሥራ ይመቻል፤ የሚያስመስለው መሣሪያ ደግሞ ለውጡ እውነት መሆኑን ይመሰክራል።

ከካሴቶቹ በአንዱ ላይ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ መምህር ለተመራቂዎች ሲናገሩ ይሰማሉ። ከእኛ መካከል አባቱ በዚያ ቀን የተመረቀ ልጅ አለ፤ አባቱን በወጣትነቱ ያየው ያን ጊዜ ነው።

አራት ዲስኬቶች አሁንም አልተነበቡም፤ የእነዚያ ዓመታት ተመራቂዎች ስም በእነርሱ ውስጥ ነው። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንሄዳለን። ስለዚህ ክቡር ርእሰ መምህርን ሦስት ነገር በትሕትና እንለምናለን። ሣጥኖቹ ከቤተ መጻሕፍት በደረቅ ቦታ እንዲቀመጡ፣ ቅጂዎቹ በሁለት ልዩ ልዩ ሥፍራ እንዲጠበቁ፣ ሥራውንም የሚረከቡ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአንድ መምህር ጋር እንዲመደቡ ነው። የሠራንበትን ትእዛዝ ሁሉ በደብተር ጽፈን ትተናል፤ የተሳሳትንበትንም ጭምር።

ታናናሾቻችን ሆይ፣ ፕሮግራሞቹ ለሁሉ ክፍት ናቸው፤ ዲስኬቶቹ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይደክማሉ። እባካችሁ ሥራውን ለከርሞ አታቆዩት።